ኮረብታው ሥር የተቃጠርንበት እሑድ

ሲያትል፣ ኦክቶበር 2011

ለእህቴ ለሀዋ፣

እንደምን ነሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህች መስመር ላይ ለመድረስ ብቻ ብዙ ወረቀት ቀድጃለሁ። «እህቴ» ስል እጄ ይቆማል። አንቺ ግን ትናንት የተለያየን ይመስል «ገኔ» ብለሽ ጀመርሽ። ባለቤቴ ዓምደ ሚካኤል ካረፈ ወዲህ ገኔ ብሎ የጠራኝ የለም። ለሰፈሩ ልጆች እትዬ ነኝ፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ወይዘሮ ገነት።

ደብዳቤሽን የሰጠችኝ ሰፈሬ ኮሎምቢያ ሲቲ ውስጥ ሱቅ ያላት ሰሃርላ ናት። ምስር ልገዛ ብገባ፣ «እትዬ ገነት፣ ግሪክ አገር የሚያውቁት ሰው አለ እንዴ?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት። ከአፌ አመለጠኝ።

«ታዲያ አቴንስ ያለች ሀዋ የምትባል ሴትዮ ‹ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ስትሄድ መሬት መሬት የምታይ ገነት ሲያትል ውስጥ ፈልጉልኝ› ብላ ለአክስቴ ልጅ ወረቀት የሰጠቻት ለማን ነው?»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ነበር።

ለጠየቅሽኝ ልመልስ። አይ፣ መኪና መንዳት አልተማርኩም። አዎ፣ አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ኖላዊት ትባላለች፣ እዚሁ ጎረቤት ከተማ ሬድመንድ ነው የምትሠራው። የምሠራው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ግሪክኛው ጠፋብሽ ወይ ላልሽኝ፣ ፎጣ ሳጥፍ አሁንም የምቆጥረው «ኤና፣ ዲዮ፣ ትሪያ» እያልኩ ነው። አለቃዬ ኡርጌሳ፣ «እትዬ፣ ይህ አማርኛ አይደለም፣ ኦሮምኛ አይደለም፣ ምን እየደገሙብን ነው?» ይለኛል።

ስለዚያ እሑድ አልጠየቅሽኝም። ባትጠይቂኝም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ያኔ አቴንስ ሁለታችንም የሰው ቤት ሠራተኛ ነበርን፣ እኔ ኪፊስያ ሰፈር፣ አንቺ ኮሎናኪ፤ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነበር የራሳችን። የጥንቱ ቤተ መቅደስ ያለበትን ኮረብታ፣ አክሮፖሊስን፣ አብረን ካልሆነ ላንወጣ ተማምለን፣ ለእሑድ ኮረብታው ሥር ካለው ኪዮስክ ፊት ተቃጠርን። አንቺ በቀጠሮሽ ስትመጪ እኔ ቪዛዬ ደርሶ አሜሪካ ገብቼ ነበር። የማዳምሽን ስልክ አውቀው ነበር። ድምፅሽን ብሰማ እንደማልሄድ ገባኝና አልደወልኩም። ከዚያ በኋላ መጻፍ እየከበደኝ ሄደ። እነሆ ሃያ አምስት ዓመት።

ይቅርታ የሚለውን ቃል አልጽፈውም፤ ለወረቀት ይከብዳል።

ገነት


አቴንስ፣ ኖቬምበር 2011

ገኔዋ፣

አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ወረቀት ቀደድኩ ነው የምትይኝ? እኔ ያለኝ አንድ ነው፣ እሱም የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ። ገልበጥ ስታደርጊው የአይብ ዋጋ ታነቢያለሽ።

የባለቤትሽን ነፍስ ይማር። እኔም ባል ነበረኝ፤ ስለ እሱ ሌላ ቀን። ልጄ አሕመድ ስዊድን ነው። «ማማ፣ ይብቃሽ፣ ነይ» እያለ ይነዘንዘኛል። ጁን ላይ ጠቅልዬ ልሄድለት ቃል ገብቻለሁ።

የሰው ቤት ከተውኩ ቆየሁ። አሁን ኮረብታው ሥር ያሉ ሕንፃዎችን ደረጃ አጥባለሁ። ከላይኛው ፎቅ መስኮት አክሮፖሊስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አትደንግጪ፣ ከታች ማየት አይቆጠርም። ወላሂ አንድም ቀን ወጥቼ አላውቅም። አሕመድ ትንሽ ሳለ ከትምህርት ቤት ወስደዋቸው ሲመለስ፣ «እዚያ ላይ ያየኸውን እንዳትነግረኝ» ብዬ አፉን በዳቦ ደፈንኩት።

ባለፈው ጎረቤቴ ኪሪያ ኤሌኒ ጉዱን ሰማች። «ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ ኖረሽ አልወጣሽም? ምን ሆነሽ?» አለችኝ።

«ጓደኛዬን እየጠበቅኩ ነው» አልኳት።

«የት ሄዳ?»

«ትንሽ ዘግይታለች።»

ከተማዋን ብታዪያት ታውቂያታለሽ፣ አታውቂያትምም። እኛ ሳለን ቤተ መቅደሱን ያለበሱት የግንበኛ መወጣጫ ዛሬም አለ። ከሥር ደግሞ ባቡር ሊያስገቡ ሲቆፍሩ ማሰሮው፣ የውሃ ቧንቧው፣ መቃብሩ እየወጣ ሥራ አስፈታቸው። የወጣውን በመስታወት ከልለው ጣቢያው ውስጥ አቆሙት። ሲንታግማ ጣቢያ ግድግዳው ውስጥ የተኛ አንድ አጽም አለ። ጠዋት ጠዋት ሳልፍ «ካሊሜራ» እለዋለሁ፤ ከማውቃቸው አቴናውያን ሁሉ ዝምተኛው እሱ ነው፣ አንቺን ይመስለኛል። ከላይ አደባባዩ ላይ ሰልፍ ነው፤ ሥራ የለም፣ ሱቁ ይዘጋል፣ አስለቃሹ ጭስ እስከ ደረጃዬ ይመጣል። ጭሱ በነነ አልበነነ ሰዉ ወንበሩን መልሶ አስፋልት ዳር ይቀመጥና ይከራከራል። ድሮም ሥራቸው ይኸው ነበር አሉ።

ስለዚያ እሑድ ያልሽውን አንብቤአለሁ። መልሱን በወረቀት አልሰጥሽም። መምጣት ትችያለሽ።

ሀዋ


ሲያትል፣ ጃንዋሪ 2012

ሀዋዬ፣

ደብዳቤሽን ባቡር ውስጥ ሳነብ ማውንት ቤከር ጣቢያ መውረድ ሲገባኝ አልፌ ሄድኩ። አልወጣሁም ማለትሽ እውነት ነው? የሰፈርሽ ሰው ሁሉ እያየሽ?

እንግዲያው እኔም ልንገርሽ። እዚህ ማንበብ ለመድኩ። እንግሊዝኛውን የጀመርኩት በኖላዊት የልጆች መጻሕፍት ነበር፤ እሷ አድጋ ስትተዋቸው እኔ ቀጠልኩ። ሰፈሬ ያለው ቤተ መጻሕፍት ዕድሜው ወደ መቶ እየተጠጋ ነው ብለው እንደ ታቦት ያከብሩታል፤ ለአጽምሽ ብትነግሪው ይስቃል። እዚያ ስለ አቴንስ የተጻፈ ነገር ካገኘሁ ሳላነብ አልመልስም። ፋርሶች ሲመጡባቸው ሰዉ ከተማውን ጥሎ በመርከብ መሸሹን፣ ሲመለስም የጠበቀው አመድ መሆኑን አውቃለሁ። የገበያውን፣ የወደቡን፣ የወረርሽኙን ታሪክ አውቃለሁ። አክሮፖሊስ የሚለው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ግን ገጹን በወፍራሙ ይዤ እገለብጣለሁ። አብረን ካልሆነ ላናይ አይደል? መጽሐፉንም እንደ መውጣት ቆጥሬው ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ሳላስበው ከሌላ ምዕራፍ አመለጠኝ፣ ልናዘዝ። ያ ትልቁ ቤተ መቅደስ የጣዖቱ ዘመን ካለፈ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከዚያ ደግሞ መስጊድ ሆነ። እስካሁን ካልሰማሽው ይኸው አሁን ከእኔ ሰማሽ፤ ተካከልን።

ባለፈው እሑድ ኖላዊት ስትመጣ ነገርኳት።

«ማሚ፣ ዌይት» አለችኝ። «ሬድመንድ እኔ ጋ ለመምጣት ስድስት ወር ያሰብሽ ሰው አቴንስ? ሶ እዚያ ምን ልታደርጊ?»

«ኮረብታ ልወጣ።»

«ሲያትል ውስጥ ኮረብታ ጠፋ?»

«ሰው ትቼአለሁ» አልኳት።

ልጄ የአማርኛዋን ጎዶሎ በዓይኗ ነው የምትሞላው። አየችኝና ኮምፒውተሯን ከፈተች። «ኦኬ። መቼ ቡክ ላድርገው?»

ያን ጥያቄ ወደ አንቺ አሻግሬዋለሁ። መቼ ነው የሚመችሽ? የኮረብታው በር በስንት ሰዓት ይከፈታል? ይህን እንዳትረሺ።

ገነት


አቴንስ፣ ፌብሯሪ 2012

ገኔ፣

ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ከነበረ ግማሹ ያንቺ ግማሹ የኔ ነው። መጥረጉን ማን ይያዘው? እኔ ደረጃ ሰልችቶኛል።

ከእሑድ በቀር ዕረፍት የለኝም፣ ስለዚህ እሑድ ይሁን። የትኛውም እሑድ። ጁን ሳይገባ።

ጫማሽ ላስቲክ ይሁን። እብነ በረዱን የስንት ዘመን እግር አለስልሶታል፣ ያዳልጣል ይላሉ። ፈረንጆቹ ቂጣቸውን እየያዙ ሲወርዱ ከመስኮቴ አያለሁ። ዣንጥላ አታምጪ፤ የሲያትል ሰው ዝናብ ይፈራል ብለው ይስቁብሻል። ምስርም አታምጪ። አንቺ ነይ።

አሁን ስለ ባሌ። ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው።

ያን እሑድ ኪዮስኩ ፊት ቆምኩ። ባለ ኪዮስኩ ሽማግሌ አዘነልኝና ወንበር አወጣልኝ። ሱፍ ፍሬ ሰጠኝ። ፀሐይዋ ስትዞር ወንበሬን እያዞረ አብሮኝ ጠበቀሽ። «አትመጣም» አለኝ። «ትመጣለች» አልኩት፣ ተሰዳደብን። አጠገቡ ሰሊጥ ያለበት ቀለበት ዳቦ የሚሸጥ አንድ ግብፃዊ ነበር። ሲመሽ የተረፈውን ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ፣ «ለአንቺም፣ ለቀረችውም» ብሎ ሰጠኝ። ያ የአሕመድ አባት ነው።

እንዳትደሰቺ! ባልነቱ እንደ ዳቦው አልነበረም፤ አሌክሳንድሪያ ሌላ ሚስት ነበረችው፣ አባረርኩት። ሳስበው ግን አንቺ በሰዓቱ መጥተሽ ቢሆን ዳቦውን ገዝተን እናልፍ ነበር፣ አሕመድም የለም። ስናደድብሽ ልጄን አያለሁ፤ ልጄን ሳይ ደግሞ እናደድብሻለሁ። የቱን ልያዝ?

ብርቱካኑ ዛፍ መንገዱን ሁሉ ይዞታል፣ ፍሬው መራራ ነው፤ አበባው ግን በፋሲካ ሰሞን ሲፈካ ከተማዋ ሽቶ የተደፋባት ትመስላለች።

ሀዋ


ሲያትል፣ ማርች 2012

ሀዋ፣

ሳቅሁም አለቀስኩም። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ስለነበርኩ ማንም አልሰማኝም፤ ማሽኑ ሸፈነኝ። የቱን ልያዝ ላልሽኝ፣ ሁለቱንም ያዢ፤ እኔ ስመጣ አንዱን እቀበልሻለሁ።

ቲኬቱ ተቆርጧል። ዓርብ ማታ እገባለሁ፣ ሰኞ ጠዋት እመለሳለሁ። ከሥራ ያገኘሁት ይህችን ብቻ ነው፤ ኡርጌሳ ፈቃዱን ሲሰጠኝ እንኳ «እትዬ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ፈቃድ ሲጠይቁ የመጀመሪያዎ ነው፣ ደህና ነዎት?» ብሎ ግንባሬን ሊዳስስ ምንም አልቀረውም። እሑዱ አፕሪል 15 ነው። የኛ ፋሲካ ቀን እንዲሆን አስቤ ነው የመረጥኩት። እዚህ ፋሲካችን ለሌላው ሰው ተራ እሑድ ነው፤ ሌሊት ቅዳሴ ቆመን ስንወጣ ሱቁ ክፍት፣ አውቶቡሱ በሰዓቱ፣ አንዳንዱ ነጠላውን አጥፎ ወደ ሥራው ይሄዳል። እኔም ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። ዘንድሮ ግን ሌሊቱን አስቀድሼ፣ ጠዋት ካንቺ ጋር ኮረብታውን ልውጣ። ከዚህ የበለጠ ፋሲካ ምን አለ?

የበሩን ሰዓት ጠይቄሽ ነበር፣ አልመለስሽልኝም። በስንት ሰዓት ነው?

ገነት


አቴንስ፣ አፕሪል 2012

ገኔ፣

አፕሪል 15 ጥሩ ቀን ነው። በጣም ጥሩ። ኪዮስኩ ጋ፣ በጠዋት።

ነይ ብቻ።

ሀዋ


ሲያትል፣ አፕሪል 24፣ 2012

ሀዋ፣

በሰላም ገባሁ። የሰጠሽኝን ቀይ እንቁላል በሻንጣዬ ውስጥ ሰበሩት፤ ነጩ ሸሚዜ አሁን የፋሲካ ቀለም አለው።

ኖላዊት አየር ማረፊያ ቆማ፣ «ሶ፣ ከላይ እንዴት ነው?» አለችኝ። የነገርኳትን ልንገርሽ፣ ፊቷን በወረቀት ልልክልሽ ስለማልችል ሳቋን አንቺ ጨምሪበት።

ኪዮስኩ ጋ ስደርስ ኪዮስኩ ተዘግቷል፤ አንቺ ፊቱ ቆመሻል አልኳት። ሻሽሽ ሰማያዊ ነበር። ወፍረሻል፣ አጥረሻል፣ ከሩቅ ግን ያቺው ነሽ። ምን እንዳልሽኝ አልነገርኳትም፣ እሱ የኔ ነው። ከዚያ ተያይዘን ወጣን። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ከየግቢው የበግ ጥብስ ጭስ ይወጣል፤ ቱሪስት እንኳ አንድ ሁለት ብቻ። «እንዴት ጥሩ ቀን መረጥኩ፣ ሰው የለም!» አልኩሽ። አንቺ ሻሽሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ ሳልሽ። ሳል መስሎኝ ነበር።

በሩ ጋ ዘበኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንቁላል ይልጣል። «ክሪስቶስ አኔስቲ!» አለኝ። ክርስቶስ ተነሥቷል ማለቱ ነው። እኔም ሳላስብ፣ ያ ሁሉ ዓመት የተኛ ግሪክኛዬ ብድግ ብሎ፣ «አሊቶስ አኔስቲ!» አልኩት። በእውነት ተነሥቷል። እንዲህ ከመለስኩ በኋላ ነው የገባኝ። የተዘጋው በር ላይ ያለውን ሰንሰለት ያየሁትም ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለት ወር ሙሉ የጾምኩ ሰው! የግሪኮች ፋሲካና የኛ ፋሲካ አንድ ቀን መሆኑን እዚያው አገር እየኖርኩ ከማዳም ጋር የበዓሉን እንቁላል በቀይ ያቀለምኩ ሰው! ሲያትል ፋሲካችንን ክፍት ሱቅ አስለምዳኝ፣ አቴንስም በኔ በዓል ክፍት ሆና የምትጠብቀኝ መሰለኝ።

ኖላዊት እዚህ ላይ የመኪናውን በር ይዛ ተቀመጠች። «ማሚ፣ ጉግል አላደረግሽም?»

«ቡክ ያደረግሽው አንቺ ነሽ» አልኳት።

ቀሪውን አጭር አድርጌ ነው የነገርኳት፣ አንቺ ግን ታውቂዋለሽ። በተዘጋው በር ፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ይዘሽ የመጣሽውን ዳቦ በላን። ዘበኛው እንቁላል ጨመረልን። «ነገ ይከፈታል» ሲለኝ «ነገ እኔ የለሁም» አልኩት፤ አንቺን ሳይሽ ሻሽሽ እስኪወርድ ትስቂያለሽ። ስንወርድ በሰሜን በኩል አለቱ ላይ ያለውን ግንብ አሳየሁሽ፤ ፋርሶች ያቃጠሉት ቤተ መቅደስ የምሰሶ ክብ ክብ ድንጋዮች ግንቡ ውስጥ በረድፍ ተገጥግጠው ከታች ይታያሉ። ሰዉ ከስደት ሲመለስ የተሰበረውን አልጣለም፣ ከተማው ሁሉ እያየው እዚያ ላይ ሰካው። እኔ ከመጽሐፉ የፋርሶች ምዕራፍ የማውቀውን ሳወራ አንቺ፣ «እኔ እኮ ባልዲዬን ሳደርቅ በየቀኑ የማየው እሱን ነው፤ የውሃ ጉድጓድ ክዳን ይመስለኝ ነበር» አልሽ።

እንግዲህ ልጠይቅሽ። ኤርፖርት ድረስ ሸኝተሽኝ፣ አውሮፕላን ውስጥ ገብቼ ሳስበው ነው የነቃሁት። ስለ በሩ ሁለት ጊዜ ጠየቅኩሽ፣ ሁለቴም ዘለልሽው። የዚያ ሰፈር ደረጃ የምታጥቢ ሰው ነሽ። ሳልሽም ሳል አልነበረም።

ታውቂ ነበር?

ገነት


አቴንስ፣ ሜይ 2012

ገኔ፣

አዎ።

ስንት ፋሲካ ነው ያን ሰንሰለት ያየሁት! ማርች ላይ ደብዳቤሽን ሳነብ የቤታችን ደረጃ ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ። ኪሪያ ኤሌኒ በሯን ከፍታ ወጣች። ነገርኳት። «ንገሪያት እንጂ፣ ኃጢአት ነው!» አለች። «እኔ እስላም ነኝ፣ ፋሲካ መቼ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» አልኳት።

ለምን አልነገርሽኝም ትያለሽ። አንደኛ፣ ብነግርሽ ቀኑን ታዛውሪያለሽ። አንቺ ደግሞ ነገርን ወደ ኋላ ማዛወር ትችይበታለሽ።

ሁለተኛው ትንሽ ክፋት አለበት። አንቺ ያንን መንገድ ሁሉ መጥተሽ በተዘጋ በር ፊት ስትቆሚ ማየት አምሮኝ ነበር። አየሁ። ጠገብኩ። ትተሽኝ ወደ ሆቴልሽ ትወርጃለሽ ብዬም ነበር፤ አንቺ ግን ድንጋዩን በእጅሽ ጠርገሽ ቦታ ሰጠሽኝ።

ሦስተኛውን በቃል ልነግርሽ አስቤ አፌ እምቢ አለኝ። በሩ ክፍት ሆኖ ቢሆን ገኔ፣ እንወጣ ነበር። ፎቶ እንነሳለን፣ እንላቀሳለን፣ አንቺ ይቅር በይኝ ትያለሽ፣ እኔ ይቅር ብያለሁ እላለሁ። ከዚያ አንቺ ወደ ሲያትል፣ እኔ ወደ ስዊድን። አለቀ። ሰው ከሌላ ሰው ጋር ያለውን ነገር ሁሉ ጨርሶ ከተለያየ በምን ይገናኛል? ጓደኛ ጠብቄ አገኘሁ፤ በሦስት ቀን ልሸኝሽ አልፈለግኩም።

አሕመድ ትናንት ደውሎ ነበር። «ማማ፣ ለጁን ቲኬት ልቁረጥ?» አለኝ።

«እስከ በጋው መጨረሻ ታገሠኝ» አልኩት።

«ለምን?»

«ጓደኛዬ ትንሽ ዘግይታለች።»

ሀዋ


ሲያትል፣ ጁን 2012

ሀዋዬ፣

ሰይጣን ነሽ። ደብዳቤሽን ሰሃርላ ሱቅ ቆሜ አነበብኩትና ጮክ ብዬ ሳቅኩ። «እትዬ ገነት ሳቁ!» ብላ ሰው ጠራችብኝ።

ኦክቶበር ላይ እመጣለሁ፣ ከመስቀል በኋላ ባለው ሐሙስ። ሐሙስን የመረጥኩት ድሮም ከሰዓት በኋላው የራሳችን ስለነበረ ነው። እሑድ አይደለም ብለሽ እንዳታስቢ፤ ደረጃው አንድ ቀን ሳይታጠብ ይደር፣ አጽሙም አንድ ቀን ካሊሜራ ሳይባል ይዋል። የግሪኮችን በዓል፣ የኛን፣ የእናንተንም አይቻለሁ፤ አንዱም እዚያ ቀን ላይ አይውልም። ስለ በሩ አንቺን አልጠይቅም። ራሴ ስልክ ደውዬ በግሪክኛ ጠየቅኩ። ያነሳችው ልጅ፣ «ማዳም፣ እንዲህ ያለ ግሪክኛ ከአያቴ ወዲህ አልሰማሁም» አለችኝ። ክፍት ነው።

በዚህ ጊዜ በሦስት ቀን አልመለስም። ኡርጌሳ ሦስት ሳምንት ሰጥቶኛል። ኮረብታውን ከወጣን በኋላ ዕቃሽን አብረን እናስራለን፤ ከዚያ ስዊድን ድረስ አደርስሽና የዳቦውን ልጅ አየዋለሁ። እዚያ ደግሞ ሌላ ቀጠሮ እንይዛለን፤ የማያልቅ ነገር ከፈለግሽ እኔ አለሁ።

መጽሐፉን ትናንት እንደገና ተዋስኩ። ምዕራፉን አልከፈትኩትም። ይዤው እመጣለሁ፤ እዚያው ላይ ቁጭ ብለን አነብልሻለሁ፣ አንቺ ውሸት የመሰለሽን ትስቂበታለሽ።

ኪዮስኩ ፊት ሁኚ። ባለ ኪዮስኩ ካለ ወንበር ለምኚው። ከኪፊስያ መስመር ሳይሆን ከአየር ማረፊያው ነው የምመጣው፤ ሻንጣም ይኖረኛል።

ብዘገይ ጠብቂኝ።

ገኔ